ከራስ ሆቴል እስከ ግሪን ስትሪት

ሐሙስ

አውሮፕላኑ ኦክላንድ ሲያርፍ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። ከዋሽንግተን ስነሳ ሙቀቱ አያስቀምጥም። እዚህ ግን ሐምሌው የኛው ሐምሌ ነው። ጉሙ ከባሕሩ ተነስቶ ኮረብታውን ሸፍኖታል። ነፋሱ ካፖርት ያስናፍቃል።

ያረፍኩት የእናቴ ጓደኛ ቤት ነው። እትዬ ነው የምላቸው። ኦክላንድ መኖር ከጀመሩ 30 ዓመት አልፏቸዋል። ቤታቸው የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ከቴሌግራፍ ጎዳና ብዙ አይርቅም። ሻንጣዬን ሳላሳርፍ ሽሮው ቀረበ። ቡናው እየተቆላ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ከኔ በቀር ዘመድ የለሽም። ለሥራም አይደለም አልሽኝ። ታዲያ ምን ፍለጋ ነው?»

ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ራስ ሆቴል ጦቢያ ግጥም በጃዝ የሚባል ምሽት ነበር። በወር አንድ ረቡዕ። አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል። መቀመጫ ያጣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ገጣሚው ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። ሁለት ስንኝ እንዳለ ከኋላው ሳክስፎኑ ቀስ ብሎ ይገባል። አንድ ማታ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው፣ «ይኼን እኮ አሜሪካኖቹ በሃምሳዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ምድር ቤት ውስጥ ያደርጉት ነበር» አለኝ። ያቺ አነጋገር ከአእምሮዬ አልወጣችም። ስለነዚያ ሰዎች፣ «ቢት» ስለሚባሉት ገጣሚዎች፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ ፈቃድ አገኘሁና ቦታውን በእግሬ ልረግጠው መጣሁ።

እትዬ የሚጨሰውን ቡና ወደኔ እያስጠጉ፣ «ግጥምና ሙዚቃማ ምን አዲስ ነገር አለው?» አሉ። «አዝማሪ ቤት ስንገባ ግጥሙን እንሰጠው የለ? ተቀበል ስንለው በማሲንቆው ይቀበለን የለ?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸው ግን የሄድኩበት ሁሉ አብሮኝ ዞረ።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዓርብ

ጠዋት በባርት ባቡር ከባሕሩ ሥር አልፌ ሞንትጎመሪ ጣቢያ ወረድኩ። ከዚያ በእግር። የባንኮቹን ፎቆች አልፌ ኮሎምበስ ጎዳና ላይ ስወጣ በግራዬ ቻይናታውን ነው፣ ከፊቴ ደግሞ የጣልያኖቹ ሰፈር። ኖርዝ ቢች ይሉታል።

ሲቲ ላይትስ የመጻሕፍት መደብር ቁጥር 261 ላይ ነው። 1953 ላይ ሎውረንስ ፈርሊንጌቲ የሚባል ገጣሚና ፒተር ማርቲን የሚባል ጓደኛው ለየራሳቸው 500 ዶላር አዋጥተው ከፈቱት። ያኔ ሽፋኑ ወረቀት የሆነ ርካሽ መጽሐፍ ቁም ነገረኛ መደብር ውስጥ ቦታ አልነበረውም። እነሱ ግን ቤቱን በሙሉ በዚያ ሞሉት። ኪሱ የሳሳ ሰው ገብቶ ይግዛ፣ መግዛት ያልቻለም ተቀምጦ ያንብብ አሉ። ዛሬም ተቀምጠህ አንብብ የሚሉ ፈርሊንጌቲ በእጁ የጻፋቸው ማስታወቂያዎች ግድግዳው ላይ አሉ። እሱ ራሱ 2021 ላይ በ101 ዓመቱ አረፈ።

የግጥም ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። የእንጨት ደረጃው እየተንቋቋ ያወጣል። መስኮቱ አጠገብ ወንበር አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ፤ ማንም ምን ፈለግሽ አላለኝም። አንዲት 20 ዓመት የማይሞላት ልጅ መሬት ላይ ተዘርፍጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ግጥም እንዲህ ነው የሚነበበው። ዓይን ብቻውን አይበቃውም።

ያቺ ልጅ የያዘችው ትንሽ ጥቁርና ነጭ መጽሐፍ የገጣሚው አለን ጊንስበርግ «ሃውል» ነበር። በአማርኛ «እሪታ» ብለው የሚቀርበው ይመስለኛል። 1956 ላይ ይኼው መደብር አሳትሞ በ75 ሳንቲም ሸጠው። በዓመቱ፣ እንግሊዝ አገር ታትመው ሲገቡ የነበሩ 520 ቅጂዎችን ጉምሩክ ያዛቸው። ከዚያ ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች መጥተው መጽሐፉን ገዙና ሻጩን አሰሩት። ጸያፍ ጽሑፍ ሸጠሃል ተብሎ።

የሻጩ ስም ሺግ ሙራኦ ነው። ስለዚህ ታሪክ ሲወራ ስሙ ቶሎ ይዘለላል፤ እኔ መዝለል አልፈልግም። ሙራኦ ጃፓናዊ አሜሪካዊ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ገና ለጋ ወጣት ሳለ፣ ከቤተሰቡ ጋር አይዳሆ ውስጥ ሚኒዶካ በሚባል ካምፕ ታጉሯል። ምንም ሳያጠፋ፣ በዘሩ ብቻ። አድጎ መጽሐፍ ሻጭ ሆነ፣ በዚያም ታሰረ። ፈርሊንጌቲም ተከሰሰ። 1957 ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ዳኛው ክሌይተን ሆርን መጽሐፉ ለማኅበረሰቡ ፋይዳ ስላለው ጸያፍ ሊባል አይችልም ብለው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ለታገዱ ብዙ መጻሕፍት በር የከፈተው ያ ፍርድ ነው።

ከመደብሩ አጠገብ በጃክ ኬሩዋክ ስም የተሰየመች ጠባብ መተላለፊያ አለች። በአንድ በኩል ቻይናታውን፣ በሌላው ኮሎምበስ። ኬሩዋክ «መንገድ ላይ» የተባለውን ልቦለዱን 1951 ሚያዝያ ላይ በሦስት ሳምንት ነው በታይፕ የመታው። ገጽ መቀየር ሐሳቤን ያቋርጠኛል ብሎ ወረቀቱን ቀጣጥሎ 36 ሜትር ገደማ የሚሆን ጥቅል አደረገው። መጽሐፉ የታተመው ግን ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ሳክስፎን ነፊው ትንፋሹ እስኪያልቅ እንደሚነፋ፣ እንዲያ መጻፍ ነው የፈለገው። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ትንፋሽ።

ከሰዓት በኋላ ካፌ ትሪየስቴ ገባሁ። 1956 ላይ የተከፈተ የጣልያን ቡና ቤት ነው። ማኪያቶ አዘዝኩ። ሽታው ፒያሳ ወሰደኝ። ስለ ቃላቱ እዚህ ተቀምጬ አሰብኩ። «ሂፕ» የጃዝ ሙዚቀኞች ቃል ነው። በኛ ነቄ ማለት ነው። ሂፕስተር ደግሞ አራዳ። የአራዳ ቋንቋ እንዳለን ሁሉ የኒውዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር የሃርለም ሙዚቀኞችም የራሳቸው ነበራቸው፤ የባንድ መሪው ካብ ካሎዌይ 1938 ላይ መዝገበ ቃላት አሳትሞለታል። «ቢት» ማለት መጀመሪያ የደከመው፣ ኑሮ የቀጠቀጠው፣ ኪሱ የነጠፈ ማለት ነበር። ኬሩዋክ ግን ቃሉ ውስጥ ሌላ ነገር ሰማ። በእንግሊዝኛ «ቢያቲፊክ» የሚሉትን፣ ብፁዕ የሚለውን። የደከመውና ብፁዑ አንድ ሰው ነው ማለቱ ነው። ይኼ ለኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥብኛል።

«ቢትኒክ» የሚለውን ያመጣው የከተማው ጋዜጣ አምደኛ ሄርብ ኬን ነው፣ 1958 ላይ። ሩሲያ ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት ካመጠቀች ወራት ብቻ አልፈው ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ቤሬት ቆቡ፣ ጥቁር ሹራቡ፣ ቦንጎ ከበሮው ሱቅ ገባ። ልብሱ እስከ ዛሬ ይሸጣል። እኔን ከዋሽንግተን ያመጣኝ ልብሱ አይደለም።

ሊመሽ ሲል ግሪን ስትሪትን ተያያዝኩት። ያ ሰውዬ የነገረኝ ምድር ቤት እዚህ ነበር፣ ቁጥር 576። ስሙም ዘ ሴላር ነበር፣ ምድር ቤቱ እንደማለት። 1956 ላይ ሩት ዋይስ የምትባል ገጣሚ እዚያ ከጃዝ ተጫዋቾች ጋር እየተቀባበለች ታነብ ጀመር። በርሊን የተወለደች አይሁዳዊት ናት። በልጅነቷ ከናዚ ከቤተሰቧ ጋር አመለጠች። ሳን ፍራንሲስኮ የገባችው 1952 ላይ፣ መኪና እየለመነች ነው። ገጣሚው ኬኔት ሬክስሮትና ፈርሊንጌቲም ብዙ ሳይቆዩ እዚያው በጃዝ ታጅበው አንብበዋል። ግጥምን ከጃዝ ጋር ማዋደድ የነሱ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ ጥቁሩ ገጣሚ ላንግስተን ሂዩዝ ከነሱ በፊት ብሉዙን ግጥም ውስጥ አስገብቶታል። ቢሆንም ከሩት ዋይስ ምድር ቤት ፊት ቆሜ ጉሮሮዬን ሳግ ያዘኝ። አሁን የሚታይ ነገር የለም። በርና መስኮት ብቻ።

ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቁጥር 678፣ ፉጋዚ አዳራሽ አለ። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ቴሎኒየስ መንክ 1959 ጥቅምት ላይ ያለ ባንድ፣ ብቻውን ፒያኖ ላይ ተቀምጦ አንድ ሙሉ አልበም የቀረጸው እዚህ ነው። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ በሩ ላይ ቆምኩ። መንክ ጣቱን ያነሳና ዝም ይላል። በዝምታው መሃል የሚያልፈው የመኪና ድምፅ ገባ። ከዚያ ቀጠለ።

ቅዳሜ

ዛሬ አንድ ጎዳና ብቻ ነው የሄድኩት። ፊልሞርን። የመጣሁበትን ነገር የተረዳሁትም ዛሬ ነው።

ከሰሜኑ ጫፍ ጀመርኩ። ቁጥር 3119 ላይ ሲክስ ጋለሪ የሚባል የሥዕል ቤት ነበር፣ ቀድሞ የመኪና ጋራዥ የነበረ። 1955 ጥቅምት 7 ማታ አምስት ገጣሚዎች እዚያ አነበቡ። ፊሊፕ ላማንቲያ፣ ማይክል መክሉር፣ ፊሊፕ ዌለን፣ አለን ጊንስበርግ፣ ጋሪ ስናይደር። መድረኩን የመራው ሬክስሮት ነው። ላማንቲያ የራሱን ግጥም አላነበበም፤ የሞተ ጓደኛውን ነው ያነበበው። ጊንስበርግ «ሃውል»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሰማው ያን ማታ ነው። ኬሩዋክ አላነበበም። ከታዳሚው ገንዘብ ሰብስቦ የወይን ጠጅ በጋሎን ገዛና ወለሉ ላይ ተቀምጦ በየስንኙ መጨረሻ «ጎ! ጎ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ይኼን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዛሬ ቦታው ላይ ቆሜ ግን የእትዬ ድምፅ መጣብኝ። ተቀበል! አዝማሪ ቤት ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ግጥም ይወረውራል፣ ያጨበጭባል፣ «ይደገም!» ይላል። ባለ ማሲንቆው ብቻውን አይደለም ዘፈኑን የሚሠራው። ያን ማታም የሆነው ይኼው ነው። እነዚያ ልጆች ግጥምን ከመማሪያ ክፍል አውጥተው የሚጮህለት ሰው ፊት አቆሙት። ይኼንን የተማሩት ደግሞ ከጃዝ ነው። ጃዙን የሰሙትም ከጥቁሮች ነው።

ስለዚህ በጎዳናው ወደ ደቡብ ተጓዝኩ። መጀመሪያ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ ትንፋሽ ይቆርጣል። የሀብታሞቹን ቤቶች አልፌ በወዲያኛው በኩል ወረድኩ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢወስድብኝ ነው። ያው አንድ ጎዳና፣ ያው ፊልሞር ነው። እዚህኛው ጫፍ ግን የምዕራቡ ሃርለም ይባል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በፊት ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ጃፓኖች ይኖሩ ነበር። 1942 ላይ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ተጭነው ወደ ካምፕ ሄዱ፤ እነ ሺግ ሙራኦ ከሲያትል እንደተወሰዱት ሁሉ። ባዶ የቀሩት ቤቶች ውስጥ የመርከብ ፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ከሉዊዚያናና ከቴክሳስ የመጡ ጥቁሮች ገቡ። ሙዚቃቸውንም ይዘው። 1950 ላይ ፖስት ጎዳና ቁጥር 1690 ከአንድ ዋፍል ቤት ጀርባ ቦፕ ሲቲ የሚባል የጃዝ ቤት ተከፈተ። ሰዓቱ ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋት 12። ሙዚቀኛው መሃል ከተማ የተከፈለበትን ሥራ ጨርሶ፣ ለደስታው ሊጫወት የሚመጣበት ቤት ነው። ቻርሊ ፓርከር መጥቷል። ዲዚ ጊለስፒ መጥቷል። ቢሊ ሆሊዴይ መጥታለች። የሰፈሩ ጎረምሳ ሳክስፎኑን ይዞ እነሱ አጠገብ መቆም ይችል ነበር። ካልቻለ ግን ያወርዱታል።

ከዚያ ሰፈሩ «ይታደስ» ተባለ። ከሃምሳዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ለዓመታት፣ ወደ 2,500 የሚጠጉ የእንጨት ቤቶች ፈረሱ። ከ800 በላይ ንግድ ቤቶች ተዘጉ። ጊሪ ጎዳና ሰፍቶ ሰፈሩን ለሁለት ቆረጠው። ለተነሱት ቤተሰቦች ትመለሳላችሁ የሚል ወረቀት ተሰጣቸው። አብዛኞቹ አልተመለሱም። ቦፕ ሲቲ 1965 ላይ ተዘጋ።

ጊሪ ድልድይ ላይ ቆሜ ከሥሬ የሚተላለፈውን መኪና አየሁ። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ትዝ አሉኝ። ብዙ ቆየሁ።

የቦፕ ሲቲ ሕንፃ ራሱ አልጠፋም። ከቦታው ተነቅሎ ፊልሞር ጎዳና ላይ ቁጥር 1712 ተተክሏል። ለረጅም ጊዜ ማርከስ ቡክስ የተባለው የጥቁሮች መጽሐፍ ቤት ነበረበት፤ 2014 ላይ ለቀቀ። ግንቡን፣ ማለቴ እንጨቱን፣ በእጄ ነካሁት። የሚያይ ሰው ቢኖርም ግድ አልሰጠኝም።

ንዴቴን አልደብቅም። ኖርዝ ቢች ውስጥ ገጣሚ የተቀመጠበት ወንበር ሳይቀር ተጠብቋል፤ ተጠብቆም ደስ ይለኛል። ገጣሚዎቹ ጆሯቸውን የከፈቱበት ሙዚቃ ያደገበት ሰፈር ግን በዶዘር ተጠረገ። አንዱን ጫፍ ብቻ አይቶ የሚመለስ ተጓዥ ግማሹን ነው ያየው።

እሑድ

እትዬ ቅዳሴ ሄዱ። እኔም ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ግን ሌላ። ቅዱስ ጆን ኮልትሬን ቤተ ክርስቲያን።

ፍራንዞ ኪንግና ባለቤታቸው ማሪና 1965 ላይ ብሮድዌይ ጎዳና ጃዝ ዎርክሾፕ የሚባል ክበብ ገብተው ሳክስፎን ነፊውን ጆን ኮልትሬንን ሰሙ። ያን ማታ የድምፅ ጥምቀት ይሉታል። ኮልትሬን በ40 ዓመቱ፣ 1967 ላይ ሲሞት፣ እነሱ ሙዚቃውን ጸሎት አደረጉት። ቤተ ክርስቲያናቸው ብዙ ጊዜ ቦታ ቀያይሯል። አልተበተነም። በአስተዳደር ከአፍሪካ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ነው፤ ከኛ ተዋሕዶ ጋር አንድ አይደለም።

የገባሁት ትንሽ እየፈራሁ ነው፤ ለኔ ቅዱስ የሚባለው ሌላ ነው። ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ሥዕሉ ላይ ነው። ሠዓሊው ማርክ ዱክስ ኮልትሬንን በጥንቱ የኦርቶዶክስ አሣሣል ስሎታል። በራሱ ዙሪያ አክሊለ ብርሃን አለ። እጁ ላይ ሳክስፎን፣ ከሳክስፎኑ አፍ የእሳት ነበልባል ይወጣል።

ሙዚቃው ተጀመረ። 1964 ታኅሣሥ ላይ የቀረጸው «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ነው የቅዳሴያቸው ማዕከል። ከበሮ፣ ቤዝ፣ ሁለት ሳክስፎን። አንዲት አሮጊት ታምቡሪን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ሳላስበው መታሁት። ሰዓቱ ሄደ። ማንም ሰዓቱን አያይም። ያን ጊዜ ማኅሌት ትዝ አለኝ፤ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ሲመጣ። ሃይማኖቱ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ በዜማ መጸለይ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስመለስ ተርክና ሃይድ ጎዳናዎች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ወረድኩ። የጃዝ ጥሩምባ ነፊው ማይልስ ዴቪስ 1961 ሚያዝያ ላይ ዓርብና ቅዳሜ ማታ የቀረጸበት ብላክሆክ ክበብ እዚህ ነበር። መጠጥ የማይፈቀድላቸው ልጆች በዶሮ ሽቦ በታጠረ ጥግ ተቀምጠው እንዲሰሙ ይፈቅዱ ነበር። ክበቡ 1963 ላይ ተዘጋ። አሁን መኪና ማቆሚያ ነው።

ሰኞ

የመጨረሻውን ጠዋት ለቦብ ካውፍማን አስቀምጬው ነበር።

ግራንት ጎዳና አጠገብ በስሙ የተጠራች አጭር መንገድ አለች። መኪና ቆሞባታል፣ የአበባ ማሰሮ አለባት፣ ቱሪስት የለባትም። ካውፍማን 1925 ኒው ኦርሊንስ የተወለደ ጥቁር ነው። መርከበኛ ነበር። ልጁን በቻርሊ ፓርከር ስም ፓርከር ብሎ ሰየመው። ግጥሙን አይጽፍም ነበር ማለት ይቻላል። ቡና ቤት ገብቶ፣ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ለሚሰማው ሁሉ በቃሉ ይለዋል። ብዙውን የጻፈችለት ሚስቱ አይሊን ናት። ፖሊስ በተደጋጋሚ ያስረው፣ ይደበድበው ነበር። ኬኔዲ 1963 ላይ ሲገደሉ የዝምታ ስእለት ገባ። አሥር ዓመት። 1973 ላይ አፉን የከፈተው በግጥም ነው። 1986 ላይ እዚሁ ከተማ አረፈ።

ባለቅኔዎቻችን የትናንቱን ቅኔ ዛሬ አይደግሙም፤ ለየቀኑ አዲስ ይዘረፋል። ካውፍማን ይኼን ቢሰማ ወዲያው የሚገባው ይመስለኛል። በሁለቱም ጫፍ ነበረበት። የጃዙም የገጣሚዎቹም። ፊልሞርን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ደረት የያዘ ሰው ነው። ስሙ ግን ከነኬሩዋክ ስም እኩል አይነሳም።

ዓርብ ዕለት ሲቲ ላይትስ የገዛሁት የሱን ሙሉ የግጥም መድበል ነው፣ 2019 ላይ ያሳተሙትን። መንገዷ ላይ ቆሜ አንዱን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሁለት እርግቦች ሰሙኝ።

በረራዬ ማታ ነበር። እትዬ ለመንገድ ዳቦ ቆሎ እየጠበሱ፣ «ኧረ ያገኘሽውን አሳዪኝ» አሉ። ስልኬ ላይ መንክን ከፈትኩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ። ከካውፍማን አንዷን አጭር ግጥም እንደመጣልኝ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ማማሰያው ቆመ። ምጣዱ ጭስ ጭስ አለ። እትዬ ወደኔ አልዞሩም።

ስጨርስ ትንሽ ዝም አሉ።

«ይደገም እንጂ» አሉኝ።

ገጹን መለስኩ።